የፈረሱ ዘር ተጻፈ፤ የሰውየውስ?

 

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፈረስ ነው። ስለ ጋሪ ፈረስ ወይም ስለ ጭነት ፈረስ ግን አይደለም። ለሩጫ ውድድር ብቻ ተብሎ ስለሚረባ ፈረስ ነው። ጀርባው ላይ ስለሚቀመጠው ጋላቢና ፈረሱን ስለሚገራው ሰውም እናወራለን። በመጨረሻም ይህ ነገር ከእኛ ከእርሳሳችንና ከደብተራችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ልጓም ፈረስን ይስባል፤ ዘር ግን ከልጓም ይበልጥ ይስባል ማለታቸው ነው። የእንግሊዝ አገር ባለጸጎች ይህንን ተረት አልሰሙትም። ነገር ግን ስለ ፈረስ የነበራቸው እምነት ይኸው ነበር። ፈጣን ፈረስ የሚወለደው ከፈጣን ፈረስ ነው ብለው አመኑ።

ስለዚህ ከ300 ዓመታት በፊት ጀምሮ ከምሥራቅ አገሮች ድንጉላ ፈረሶችን እያስመጡ ከአገራቸው ባዝራዎች ጋር ማዳቀል ያዙ። ከመጡት መካከል ሦስቱ እጅግ ታዋቂ ሆኑ። አንደኛው ባየርሊ ተርክ ይባላል። ጌታው ባየርሊ በ1690 አየርላንድ ውስጥ በተደረገው ጦርነት ላይ ጋልቦታል። ሁለተኛው ዳርሊ አረቢያን ነው። ሶርያ ውስጥ ሐለብ በተባለች ከተማ ተገዝቶ በ1704 እንግሊዝ አገር ገባ። ሦስተኛው ጎዶልፊን አረቢያን ሲሆን፣ በፈረንሳይ በኩል አድርጎ የመጣ ነው። ይህ ፈረስ በ1753 ሞተ።

እስቲ ስሞቹን ልብ በሏቸው። ባየርሊ፣ ዳርሊ፣ ጎዶልፊን። እነዚህ የፈረሶቹ ስሞች አይደሉም፤ የባለቤቶቻቸው ስሞች ናቸው። ፈረሶቹ የሚታወቁት በገዟቸው ሰዎች ስም ነው። ይህችን ነገር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከእነዚህ የተገኘው የፈረስ ዘር በእንግሊዝኛ ቶሮብሬድ ይባላል። ዘሩ ያልተቀላቀለ እንደማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ቶሮብሬድ በአባት በኩል ወደ ላይ ቢቆጠር፣ ከሦስቱ ድንጉላዎች ወደ አንዱ ይደርሳል። እንዲያውም ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ የሚደርሱት ወደ ዳርሊ አረቢያን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ፈረስ አባቱን አይናገር! መልሱ ቀላል ነው። ተጽፎ ነው።

በመጀመሪያ የፈረሱን ዘር የሚጽፈው ባለቤቱ ብቻ ነበር። አንዱ በትክክል ይጽፋል፤ ሌላው ይረሳል፤ ሌላው ደግሞ ገበያ ለማሳመር ይዋሻል። ከዚያም ጀምስ ዌዘርቢ የተባለ ሰው የተበታተነውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ፣ በ1791 የፈረሶችን የዘር መዝገብ አሳተመ። የመዝገቡ አደረጃጀት ደስ ይላል። የተደራጀው በእናቶች ስም ነው። የባዝራዋ ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ የወለደቻቸው ውርንጭሎች በየዓመታቸው ይሰፍራሉ፤ ከእያንዳንዱም ጎን አባቱ ይጠቀሳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኤክሊፕስ የሚባል ፈረስ ነበር። ኤክሊፕስ ማለት ግርዶሽ ማለት ነው። ይህ ስም የወጣለት በ1764 የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ጊዜ ስለተወለደ ነው። 18 ጊዜ ተወዳደረ፤ 18 ጊዜም አሸነፈ። አንድ ቀን እንኳ አልተሸነፈም። አባቱ ማርስክ ነው። አያቱ ስኩዊርት ነው። ቅድመ አያቱ ባርትሌትስ ቻይልደርስ ነው። የቅድመ አያቱ አባት ደግሞ ያ ከሐለብ የመጣው ዳርሊ አረቢያን ነው። አያችሁ? ይህ ሁሉ ከመዝገብ የሚነበብ ነው።

መዝገብ ከሌለ ምን ይሆናል? በ1844 የሆነውን እንንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ደርቢ የሚባል ትልቅ ውድድር አለ። የሚወዳደሩት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ፈረስ ራኒንግ ሬን በሚል ስም ገብቶ አንደኛ ወጣ። ነገሩ ግን ተንኮል ነበረበት። ፈረሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ ስሙም የሌላ ፈረስ ስም ነበር። በዚያ ዕድሜ የአንድ ዓመት ብልጫ በጉልበት ብዙ ነው። ሁለተኛ የወጣው ፈረስ ባለቤት ተቃወመ። ዳኛው «ፈረሱን አምጡልኝ፤ ይታይ» አለ። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃላ! ፈረሱ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። ተቃዋሚውም ረታ፤ ሽልማቱም ሁለተኛ ለወጣው ለኦርላንዶ ተሰጠ።

ዛሬ ጥንቃቄው በርትቷል። ውርንጭላው ሲወለድ ከጋማው ጥቂት ፀጉር ተነቅሎ በላቦራቶሪ ይመረመራል። አባቱና እናቱ በትክክል ካልታወቁ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያልተመዘገበ ፈረስ ደግሞ ነፋስ ቢቀድም እንኳ ቶሮብሬድ አይባልም።

አሁን ከእንግሊዝ አገር ተነሥተን ባሕር እንሻገር። ይህ የፈረስ ዘር፣ ከነመጻፍ ልማዱ፣ ከእንግሊዞች ጋር አሜሪካ ገብቶ ነበር። ኬንታኪ የተባለችው ግዛትም በፈረስ እርባታ ታወቀች። ለመሆኑ እዚያ ፈረሶቹን ይመግብ፣ ይገራ፣ ይጋልብ የነበረው ማን ነው? ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነበሩ።

የፈረሶቹ ዘር በመዝገብ ሲጻፍ የእነዚህ ሰዎች ዘርስ ተጻፈ ወይ? የአሜሪካ መንግሥት በ1850ና በ1860 ሕዝብ ቆጥሯል። በባርነት የተያዙት የተቆጠሩት በተለየ ቅጽ ላይ ነው። በቅጹ ላይ የጌታው ስም ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይሞላል። ስማቸውስ? አይጻፍም። አባታቸውስ? እናታቸውስ? አይጻፍም። ፈረስ እስከ ምንጅላቱ ድረስ ሲጻፍለት፣ ሰው የራሱን ስም እንኳ የሚጽፍለት አጣ። እሱ ራሱ እንዳይጽፍ ደግሞ፣ በብዙ የደቡብ ግዛቶች በባርነት ለተያዘ ሰው ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የፊደልን ኃይል አሳምረው ያውቁ ነበር።

አንሰል ዊልያምሰን የሚባለውን ሰው እንመልከት። ፈረስ በመግራት ወደር የሌለው ሰው ነበር። በ1856 ሮበርት አሌክሳንደር የተባለ ባለጸጋ ሌክሲንግተን የሚባለውን ዝነኛ ድንጉላ በ15 ሺህ ዶላር ገዛ። ያው ባለጸጋ በ1864 ደግሞ አንሰል ዊልያምሰንን ገዛ። ፈረሱንም ሰውየውንም አንድ እጅ ገዛቸው። በዓመቱ፣ በ1865፣ ባርነት በሕግ ቀረና ዊልያምሰን ነጻ ወጣ። ሙያውን ግን አልተወም፤ በደመወዝ መሥራቱን ቀጠለ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ ሉዊቪል ከተማ የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ተካሄደ። 15 ፈረሶች ተሰለፉ። ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈው አሪስታይድስ የተባለ ቀይ ፈረስ ነው። ጋላቢው ኦሊቨር ሉዊስ ይባላል፤ እሱም ጥቁር ነበር። የገራው ያው አንሰል ዊልያምሰን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአሪስታይድስን ዘር መናገር እንችላለን። አባቱ ሊሚንግተን፣ እናቱ ሳሮንግ፣ የእናቱ አባት ደግሞ ያ በ15 ሺህ ዶላር የተገዛው ሌክሲንግተን ነው። የዊልያምሰንስ? የተወለደበት ዓመት እንኳ የሚነገረው በግምት ነው። ፈረሱን ለድል ያበቃው ሰው ከፈረሱ ያነሰ ተጻፈለት።

ሁለተኛው ሰው ጋላቢው አይዛክ መርፊ ነው። በ1861 ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በሰሜኑ ጦር ውስጥ ወታደር ሆኖ ሳለ ሞተ። ልጁም ጋላቢ ሲሆን የአያቱን ስም ወሰደ። የገዛውን ሰው ስም ሳይሆን የአያቱን ስም! ያቺን ያዟት ያልናችሁን ነገር አሁን አስታውሷት።

መርፊ ጅራፍ አያበዛም ነበር ይባላል። ፈረሱን ያዳምጠዋል፤ ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ይቆጥብለታል። የኬንታኪ ደርቢን በ1884፣ በ1890ና በ1891 አሸነፈ። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ነገር ግን የጋላቢ ኑሮ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ፈረስ የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ጋላቢው ቀላል መሆን አለበት። መርፊ ውድድር በማይኖርበት በብርዱ ወራት ክብደት ይጨምር ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ ያንን ለመቀነስ ራሱን በረኃብ ይቀጣል። ይህም ሰውነቱን ጎዳው። በ1896 ገና በ35 ዓመቱ ሞተ።

ስንት ጊዜ አሸነፈ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ሁለት ነው። እሱ ራሱ የቆጠረው 1412 ጊዜ ጋልቦ 628 ጊዜ ማሸነፉን ነው። በኋላ ሰዎች የታተሙ የውድድር መዝገቦችን ሲያገላብጡ ያገኙት ደግሞ 1538 ጊዜ ጋልቦ 530 ጊዜ ማሸነፉን ነው። የዘመኑ የውድድር መዝገብ የተሟላ ስላልነበረ ክርክሩ ቀረ። በየትኛውም ቁጥር ቢሆን ግን ታላቅነቱ አያጠራጥርም።

የተቀበረው ሌክሲንግተን ከተማ ውስጥ በጥቁሮች መቃብር ነበር። በመቃብሩ ላይ የቆመው የእንጨት ምልክት በሰበሰ። ቦታው ተረሳ። በ1960ዎቹ ፍራንክ ቦሪስ የተባለ ሰው ብዙ ደክሞ መቃብሩን ፈልጎ አገኘው። በ1967 የመርፊ አፅም ተነሥቶ ሌላ ቦታ አረፈ። የት አረፈ መሰላችሁ? ማን ኦ ዎር ከሚባል ፈረስ መቃብር አጠገብ! ይህ ፈረስ በ1919ና በ1920 21 ጊዜ ተወዳድሮ 20 ጊዜ ያሸነፈ ነው። ዘሩም ወደ ጎዶልፊን አረቢያን ይቆጠራል። በኋላ የሁለቱም አፅም ወደ ኬንታኪ የፈረስ ፓርክ ተዛወረ። ማን ኦ ዎር የተወለደው በ1917 ነው፤ መርፊ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። አይተዋወቁም። ሰውየው እንዲታወስ ጎኑ ላይ የፈረስ መቃብር አስፈለገው።

የሌሎቹስ ጥቁር ጋላቢዎች ነገር? ከ1875 እስከ 1902 ከተካሄዱት 28 የኬንታኪ ደርቢዎች 15ቱን ያሸነፉት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የዘር መድልዎው በረታባቸው። በውድድር ላይ ነጮቹ ጋላቢዎች ከአጥር ጋር ያጣብቋቸው ጀመር፤ ባለ ፈረሶችም መቅጠር ተዉ። ከ1921 በኋላ እስከ 2000 ድረስ በዚያ ውድድር አንድም ጥቁር አሜሪካዊ አልጋለበም። ይህን ያህል ዘመን ሲያልፍ፣ ቀድሞ እነሱ እንደነበሩበት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ዛሬ ታሪካቸው የሚታወቀው ተመራማሪዎች የድሮ ጋዜጣና መዝገብ እየፈለጉ ቃርሚያ ስለለቀሙላቸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፈረሱ የተወረሰው ስለተጻፈ ነው። ሰውየው የተረሳው ስላልተጻፈ ነው። ከፈረስ አንሶ አይደለም። ብዕሩ የነበረው በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ነው።

እናንተ ግን ዛሬ ብዕር ይዛችኋል። እስቲ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡ። ስማችሁን ጻፉ። ቀጥሎ አባታችሁን፣ አያታችሁን፣ ቅድመ አያታችሁን ጻፉ። የአባትን ቤት መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ሰባት ቤት በቃላችሁ ትቆጥራላችሁ። ነገር ግን የፈረሱ መዝገብ በእናት እንደሚጀምር አትርሱ። እናታችሁንም ጻፉ፤ የእናታችሁን እናትም ጻፉ። ከየስሙ ጎን ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ምን ሙያ እንደነበራቸው አንድ መስመር ጨምሩበት። ሸማኔ ነበር፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ በሬ ጠማጅ ነበር ብላችሁ ጻፉ። የጠፋባችሁን ስም አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ሆሄው ቢሳሳት ግዴለም፤ ይታረማል። ያልተጻፈ ግን አይታረምም።

እንወያይበት፦

1. የፈረሶች የዘር መዝገብ ያስፈለገው ለምንድን ነው?
2. አንሰል ዊልያምሰንና አይዛክ መርፊ ምን ሠሩ? ምን ቀረባቸው?
3. በቤተሰባችሁ ወይም በመንደራችሁ ሙያው እየታወቀ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ማን ነው?

በሉ፣ ደህና ሁኑ።