የምንጃሩ ሰው ሸክላ

ንግሥት ቪክቶሪያ ነሐሴ 1890 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት ሰላምታ በፎኖግራፍ ሰም ላይ የተቀረፀ የገዛ ድምፃቸው ነበር። ይዞት አዲስ አበባ የገባው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሃሪንግተን ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ተወልደው አንኮበር ላይ የነገሡት ምኒልክ አዲስ ነገር ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ የታወቀ ነው፤ ደጋግመው አሰሙኝ አሉ። ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲጠፋ ንግሥቲቱ አስቀድመው አዝዘው ስለነበር ያ ድምፅ ዛሬ የለም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው መሣሪያ የሰጡት መልስ ግን ተርፏል፤ ማንም ሊሰማው ይችላል።

ይህን ያስቀደምኩት ለአንድ ነገር ነው። የተቀረፀ ድምፅ ወደ አገራችን ሲገባ በጉባኤ ተሰማ። አንዱ ሰምቶ ለሌላው ይናገራል፣ የሰማውም አልሰማሁትም ለሚለው ያስረዳል። ሙዚቃችን በሸክላ ሲቀረፅም ይኸው ልማድ አብሮት ሄደ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ ባለቤት የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ምንጃር ተወለዱ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። በርሊን ላይ ታዲያ ከመኪናው ትምህርት ጎን ለጎን ማሲንቋቸውን ይዘው ከቀረፃ ቀንድ ፊት ቆሙ። ከዚያ የወጡት ሸክላዎች በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሆነው ተመዘገቡ። ሰውዬው በሙያ አዝማሪ አልነበሩም። ከመኳንንቱ ጋር የሚውሉ፣ ቅኔያቸው ከአፋቸው የማይጠፋ የጨዋታ ሰው ነበሩ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ነጋድራስ ተባሉ፤ ዕድሜ ጠግበው በ1957 ዓ.ም. አረፉ። የእግር ኳሱ አባት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። የአባታቸውን ታሪክና ቅኔ ሰብስበው ለመጽሐፍ ያበቁትም እሳቸው ስለሆኑ፣ በኳሱ ከምናመሰግናቸው ባላነሰ በዚህም ልናመሰግናቸው ይገባል።

የቀረፃው አሠራር ሊታወቅ ይገባል፤ ያለ እሱ እነዚህን ሸክላዎች በትክክል መስማት አይቻልም። ማይክሮፎን የቀረፃ ክፍል የገባው በ1917 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት ብቻውን መርፌውን ያነቃንቃል፣ መርፌውም ሰሙን ይጭራል። ጉልበት ያለው ጉሮሮ ይቀረፃል፤ የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አራት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀኝ ማደር የለመደ ሰው በሦስት ደቂቃ ጨርስ ሲባል ምን ይመርጣል? ምንስ ይተዋል? የተሰማን ሸክላ ሳዳምጥ ሁልጊዜ የሚመላለስብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ግጥሙ ጥድፊያ አለው። ለእኔ ያ ጥድፊያ የድክመት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ከውበቱ ዋናው እሱ ነው።

ለሚ ላይ ይህን ድምፅ በስልኬ ከፍቼ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሰምቼዋለሁ። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ዛሬ ስሟ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጋር የሚነሳ። መጀመሪያ የተሰማው ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ተልባ ያለ ጭርጭርታ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ተበላሽቷል ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ። አንድ አባት ግን እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ስልኩ አጎነበሱ፤ «እስቲ መልሰው ልጄ፣ ያችን ቃል ዋጣት» አሉ። መለስኩት። ጎረቤታቸው ቃሏን በሌላ አነሳት። ሁለቱ ተከራከሩ። አንደኛው የቃሉን መነሻ ከእርሻ ሥራ አመጡት፣ ሌላኛው ከሙግት ቋንቋ። በሦስተኛው ዙር ቃሉ በሁለቱም እንደሚፈታ ተስማሙና ሳቁ። ወጣቶቹም ያኔ ቀረብ አሉ። ብቻዬን ብዙ ጊዜ ሰምቼው ያቺን ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ ይዣት ኖሬያለሁ።

የሌላው ዓለም የሙዚቃ አፍቃሪም ቢሆን አንድን የቤትሆቨን ሲምፎኒ በዚህና በዚያ መሪ ቅጂ እያነጻጸረ ከጓደኛው ጋር ያመሻል፤ ይህኛው ፈጠነ፣ ያኛው ከበደ እያለ። የእኛ ክርክር ከዚህ ይለያል። ቅኔ በተፈጥሮው ሰሚውን ሥራ ያስይዛል፤ አንዱ ሰሙን ሲይዝ ሌላው ወርቁን ያወጣል። ስለዚህ የተሰማን ሸክላ በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን የሚሰማ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም የመስማት ልማዱ ወደ አደባባይ ወጣ። ከሙዚቃ ቤት ደጅ ቆሞ መስማትና ስለ ሰሙት ማውራት የከተማው ልጅ መዝናኛ ሆነ። ኋላ ካሴት መጣ፤ ሸክላው ተሰበረ፣ ተሸጠ፣ ተረሳ። ከመጥፋት ያዳነው የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ነው። 27ኛው ቅጽ የመጀመሪያውን ቀረፃ መቶኛ ዓመት አስመልክቶ ሙሉ በሙሉ ለተሰማ እሸቴ ተሰጠ። 21ኛው ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉትን እኚህን መነኩሲት ዓለም በስፋት ያወቃቸው በእሱ ነው። የእማሆይ ፒያኖ ቃል ስለሌለው ማንም አገር ይገባል። የተሰማ ግን በአማርኛ ካልተፈታ ተዘግቶ ይቀራል፤ የውጭ አገር አሳታሚ ድምፁን ሊያጠራልን ይችላል፣ ቃሉን መፍታት ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ምንጃር፣ አንኮበር፣ እንሳሮ ወይም መርሐቤቴ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቅጂው ዛሬ በስልክ ይገኛል። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ አብራችኋቸው ስሙት። የቀድሞውን የሸዋ አነጋገር የሚያውቁት ከእኛ ይልቅ እነሱ ናቸው። የተከራከሩበትን ቃል፣ ሁለቱንም ፍቺ፣ በደብተር ጻፉት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የእነዚህን ደብተሮች ማኅደር ቢከፍት ለምንጃሩ ሰው የሚገባቸውን ያደርጋል።