አልሙኒየም ድስት ይመርዛል ወይስ አይመርዝም?

አዲሱ ገበያ ድስት ልትገዙ ወጥታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ፣ ቀለል ያለውና ረከስ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። «ምግብ ይመርዛል» የሚለው ወሬ ደግሞ በየስልካችን ይዞራል። እስቲ እንየው።

አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። አልሙኒየም ኦክሳይድ ይባላል። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ ብረቱን ይጨርሰዋል፤ ይሄኛው ግን ጥብቅ ብሎ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል።

ሽፋኑን ከሚያፈርሱት አንዱ አሲድ ነው፦ ቲማቲም የበዛበት ስልስ፣ ሎሚ፣ አቼቶ። ጨው ሲጨመርበት ይብሳል። ያኔ ትንሽ አልሙኒየም ወደ ምግቡ ይገባል። ሠርታችሁ ወዲያው ካወጣችሁት ብዙም አያሳስብም፤ እዛው አሳድሮ በማግስቱ ማሞቅ ነው ጥሩ ያልሆነው። የዓለም የጤናና የምግብ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ያስቀመጠው ጣሪያ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 120 ሚሊግራም ነው። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ያስወጣዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ።

ውሃ ሲፈላበት ውስጡ የሚጠቁረውስ? ውሃው ውስጥ ያሉ ማዕድናት ሽፋኑን ስለሚለውጡት ነው፤ ያስጠላል እንጂ አይጎዳም።

በነገራችን ላይ፣ የለገዳዲ ማጣሪያም አልሙኒየም ሰልፌት ይጠቀማል፤ አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ የሚያመርተው ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ጄል ያለ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ ጭቃውን ሰብስቦ ይዘቅጣል፣ ከዛ ይጣራል።

አሁን ወደ አደገኛው። የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበት ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየም ላይ ካረፈ ሽፋኑን ይበላና በኃይል ይፈላል፣ ይግላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ሃይድሮጅን ደግሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ ሶዳ በአሮጌ ድስት መበጥበጥ የለም! ፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሙ፤ ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስሱ። ጓንትና መነጽርም አድርጉ።

እኛን ከአልሙኒየሙ በላይ የሚያሳስበን ግን እርሳስ ነው። ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት አሲድ ያለው ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ በዓይንም በጣዕምም አይለይም። ከምን እንደቀለጠ የማታውቁት ድስት ቤት ካለ፣ የልጅ ምግብ አትሥሩበት።