ሙሻ ደሴት፦ ከበደሳ ተነስቶ ባህር ለማየት

ሙሻ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያለች ትንሽ ደሴት ነች። ሰው ለዳይቪንግና ዓሣ ለማጥመድ ይሄድባታል።

መንገዱ፦ ከበደሳ በጭሮ አድርገን ድሬዳዋ እንገባለን። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ጅቡቲ ያደርሰናል፤ ከከተማው ደሴቷ ድረስ በጀልባ ነው። ፓስፖርት ግድ ነው።

ጊዜው፦ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ነው፣ ግን አትፍሩ፣ ሰው አይበላም። በክረምት አትሂዱ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን አንደብቃችሁም። ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ኦቦክ አለች። ብዙ የሐረርጌ ልጆች ባህርን መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ነው፤ በደላላ ጀልባ ታጭቀው ወደ የመን ሲሻገሩ። ሰምጠው የቀሩ አሉ። ደላላ «ባህር አሻግራችኋለሁ» ሲላችሁ እነሱን አስታውሱ።