ጓዳውን ይዞ ወደ ከዋክብት

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። «ደግሞ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተረት ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ሆኖም ስለ ነገ የሚጻፍ ድርሰት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ጸሐፊው ስለ ዛሬ የሚያስበውን ሳያውቀው ያጋልጥበታል። ሰው በሐሳቡ ሦስት መቶ ዓመት ወደፊት ተንደርድሮ፣ እዚያ ሲደርስ ሴቲቱን ያው ቡና ስታቀርብ ካገኛት፣ ጓዳውን ራሱ ተሸክሞት ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ «ስታር ትሬክ» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ በታሪክ ዓይን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራማው ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ተጀምሮ ጁን 3 ቀን 1969 አበቃ። በሦስት ዙር 79 ክፍሎች ታይተዋል። የፈጠረው ጂን ሮደንቤሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ፣ ኋላም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። «ኢንተርፕራይዝ» የምትባለው የጠፈር መርከብ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ነጩ ካፒቴን ከርክ፣ ከሌላ ፕላኔት የተወለደው ስፖክ፣ የእስያ ተወላጁ ሱሉ፣ ጥቁሯ ሌተና ኡሁራ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ ከ1967 ጀምሮ፣ ቼኮቭ የተባለ ሩሲያዊ መኮንን ተጨመረበት። የቬትናም ጦርነት በሚነድበት፣ የጥቁሮች የመብት ትግል አደባባይ በወጣበት አገር ይህንን ማሳየት ተራማጅነት አልነበረም ብሎ የሚከራከረን የለም። የሚያስገርመውም ይኸው ነው። የዘርን አጥር ለመዝለል የደፈረ ብዕር ሴት ዘንድ ሲደርስ ለምን ተንቀጠቀጠ?

ይህንን ስንጠይቅ ከጓደኞቻችን የምንሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ያድርጉ፣ ዘመኑ ነው!» ይላሉ። እስቲ ይህን መልስ በማስረጃ እንፈትነው።

በመጀመሪያ የ«ቁጥር አንድ»ን ታሪክ እንውሰድ። ሮደንቤሪ በ1964 መጨረሻ ያስቀረጸው የሙከራ ክፍል ላይ የመርከቢቱ ምክትል አዛዥ ሴት ነበረች። ስም እንኳ አልተሰጣትም፣ «ቁጥር አንድ» ብቻ ነበር የምትባለው። ቀዝቃዛ፣ አስተዋይ፣ ካፒቴኑ ሲጠፋ መርከቢቱን የምትመራ መኮንን ናት። የተጫወተችው ሜጀል ባሬት ትባላለች። ጣቢያው ሙከራውን «ለተመልካች የከበደ ነው» በሚል አልቀበልም ብሎ ሌላ ሙከራ አዘዘ። በሁለተኛው ሙከራ ቁጥር አንድ የለችም። ቀዝቃዛ አእምሮዋ፣ ሥልጣንዋም ጭምር ወደ ስፖክ ተዛወረ። አበው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት ተረት ሆሊውድ ድረስ ሄዶ ተግባራዊ ሆነ ማለት ነው!

ለምን ተሰረዘች ለሚለው ሁለት ምስክርነት አለ። ሮደንቤሪ ዕድሜ ልኩን ሲናገር የኖረው ጣቢያው ሴት አዛዥ አልፈልግም አለ በማለት ነው። አብረውት የሠሩት ኸርበርት ሶሎውና ሮበርት ጀስትማን ግን በ1996 ባወጡት መጽሐፍ ጣቢያው የተቃወመው ሴት መኮንን መኖሯን ሳይሆን የፈጣሪው ወዳጅ ለዚህ ቦታ መመረጧን ነው ብለዋል። የትኛውም ይሁን፣ ውጤቱን ተመልከቱ። ተዋናይዋ ካላስፈለገች ሌላ ተዋናይት ማምጣት ይቻል ነበር። የተደረገው ግን ቦታውን ራሱን ለወንድ መስጠት ነው። ባሬት ጥቂት ቆይታ ወርቃማ ዊግ አድርጋ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን ስፖክን በከንቱ የምታፈቅር አስታማሚ ሆና ነበር። በሁለቱ ሙከራዎች ሱሪ ለብሰው የነበሩት የመርከቢቱ ሴቶችም ድራማው ሲጀመር በአጭር ቀሚስ ተለወጡ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፤ ሚኒ ቀሚስ በዚያ ዘመን ለብዙ ወጣት ሴቶች የነጻነት ምልክት ነበር፤ ተዋናዮቹም በኋላ ልብሱ እንዳላዋረዳቸው ተናግረዋል። እኛም ነገራችን ከጨርቁ ርዝመት ጋር አይደለም። ቀሚስ የለበሰችው ምን ትሠራለች ነው ጥያቄው።

ምን ትሠራለች? ጃኒስ ራንድን እንይ። የካፒቴኑ ጸሐፊ ናት። ወረቀት ታስፈርማለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ቡና ታመጣለች። በአንድ ክፍል መርከቢቱ ኃይል አጥታ የምድጃው ነገር ሲበላሽ፣ ራንድ በጨረር መሣሪያ ቡናውን አሙቃ ትመጣለች። ኧረ ይህስ ብልኃት ነው! ግን አስቡት፤ ከዋክብትን የሚያቃጥል መሣሪያ ተፈልስፎ በሴት እጅ ሲገባ ያገኘው አገልግሎት ጀበና ማሞቅ ሆነ። በዚያው ክፍል ከርክ ሴት ረዳት ስለተመደበችለት ሲያጉረመርም ይሰማል።

ከዚህ የባሰው ኦክቶበር 6 ቀን 1966 የታየው ክፍል ነው። ከርክ በመሣሪያ ስህተት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ደግ፣ አንዱ ክፉ። ክፉው ራንድን ክፍሏ ውስጥ ገብቶ ሊደፍራት ይሞክራል። ትታገላለች፣ ፊቱን ትቧጭራለች፣ ታመልጣለች። ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ራሱ ከባድ ነው፤ የደረሰባትን የምትናገረው በካፒቴኑ ፊት፣ እያለቀሰች፣ ባትደርሱብኝ ኖሮ አልናገርም ነበር ዓይነት ሐፍረት ይዟት ነው። እስከዚህ ድረስ ደራሲው እውነትን ነክቷል እንበል። መጨረሻው ላይ ግን ስፖክ፣ ያ ብልኁ ስፖክ፣ ወደ ራንድ ዞር ብሎ ያ ክፉው ሰው አንዳንድ የሚማርኩ ጠባዮች ነበሩት፣ አይደለም? የሚል ቀልድ ይወረውርባታል። ድራማው በዚህ ያበቃል። ለተደፈረ ክብር የተሰጠው መዝጊያ ፈገግታ ነው። «ይዘት» እና «ቅርፅ» እያልን የምንከራከር ሁሉ ይህን ልናስተውል ይገባል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ድርሰትን ሊክድ ይችላል።

ታሪኩ ከስክሪኑ ላይ አልቀረም። ራንድን የተጫወተችው ግሬስ ሊ ዊትኒ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ከሥራዋ ተሰናበተች። የሚነገረው ምክንያት ካፒቴኑ በየሳምንቱ አዲስ ሴት እንዲያፈቅር በአንዲት ሴት መታሰር የለበትም የሚል ነበር። ዊትኒ በ1998 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ግን ከመሰናበቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ስሙን ያልጠቀሰችው አንድ የሥራ ኃላፊ በወሲብ እንዳጠቃት ጽፋለች። ከዚያም ለዓመታት በመጠጥ ሱስ ተሰቃይታ ኋላ ድናለች። ያንን ቀልድ ይህን አውቀን መልሰን ስናየው ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ኡሁራስ? ስሟ «ነጻነት» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው። ኒሸል ኒኮልስ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የሚሰጣት ንግግር እያነሰ ስለመጣ ሥራውን ለመልቀቅ ወስና ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት እንዳትለቅ ለመናት፤ ጥቁር ሕዝብ በቴሌቪዥን ራሱን እንደ ሰው፣ እንደ ባለሙያ የሚያይባት ቦታ መሆኗን ነገራት። ቆየች። የኪንግን ምክር ትክክል ነው እንላለን። ነገር ግን ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው፤ የአንድን ሕዝብ ተስፋ የተሸከመች መኮንን በአብዛኞቹ ክፍሎች ሥራዋ መስመሩ መከፈቱን ለካፒቴኑ ማሳወቅ ነበር። መገኘቷ ድል ነው፤ ዝም መባሏ ደግሞ ሽንፈት ነው። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ወደ መጨረሻው እንሂድ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1968 የታየው ክፍል የስፖክን አንጎል የሰረቁ ሴቶችን ያሳያል። ከመሬት በታች ተመችቷቸው የሚኖሩ፣ ግን እንደ ሕፃን የማያውቁ ሴቶች ናቸው፤ ዕውቀት የሚያገኙት ከማሽን ተውሰው ነው፣ እሱም ይጠፋባቸዋል። የድራማው የመጨረሻ ክፍል፣ ጁን 3 ቀን 1969 የታየው፣ ጃኒስ ሌስተር ስለምትባል ሳይንቲስት ነው። የከርክን አካል በማሽን ሰርቃ ካፒቴን ትሆናለች። ምክንያቷ ምንድነው? የካፒቴኖች ዓለም ለሴት የተዘጋ በመሆኑ ነው። ከርክም ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ያምንላታል! ታዲያ ድርሰቱ ፍትሕ ጎደለ ብሎ ካመነ በኋላ ምን ያደርጋል? ፍትሕ የጠየቀችውን እብድ ያደርጋታል። መርከቢቱን ስትመራ ትጮኻለች፣ ትርበደበዳለች፣ በመጨረሻም በሐኪም ተይዛ ትሄዳለች። ከርክ እንደ ማንኛዋም ሴት ጥሩ ሕይወት ልትኖር ትችል ነበር ብሎ ያዝንላታል። የሦስት ዓመት ድራማ በዚህ ተዘጋ። ታሪኩን የነደፈው ራሱ ሮደንቤሪ ነው፤ ያቺን ሴት ምክትል አዛዥ የፈጠረው ያው ሰው!

አሁን ወደ «ዘመኑ ነው» እንመለስ። የትኛው ዘመን? ሶቪየቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በጁን 1963 ብቻዋን ጠፈር ወጥታ ተመልሳለች፤ ድራማው ከመጀመሩ ሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። በአሜሪካም የጠፈርተኞችን የሕክምና ፈተና ያለፉ ሴት አብራሪዎች ጉዳያቸውን በ1962 ምክር ቤት ፊት አቅርበዋል። የተዘጋባቸው የጄት ሙከራ አብራሪነት በመጠየቁ ነበር፤ ያ ሥራ ደግሞ ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ነበር። ሌላው ይቅር፣ ድራማውን ያሠራው ዴዚሉ የተባለው ስቱዲዮ ፕሬዚዳንት ሉሲል ቦል ነበረች፣ ሴት! ከምርጦቹ ክፍሎች አንዳንዶቹን የጻፈችው ዶሮቲ ፎንታና የሮደንቤሪ ጸሐፊ ሆና ጀምራ የድርሰት አዘጋጅ የሆነች ናት፤ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅባት በስሟ ፊደሎች ብቻ «ዲ. ሲ.» እያለች ትፈርም ነበር። ጣቢያው ድራማውን ሊዘጋ ነው ሲባል በ1967 እና በ1968 የደብዳቤ ዘመቻ ካስተባበሩት ዋናዋ ቢጆ ትሪምብል ሴት ነበረች፤ ሦስተኛው ዙር የተገኘው በዚያ ዘመቻ ግፊት ነው። እንግዲህ ሴት ስቱዲዮውን ትመራለች፣ ድርሰቱን ትጽፋለች፣ ድራማውን ከሞት ታድናለች፤ በድራማው ውስጥ ግን መርከብ መምራት አትችልም። ዘመኑ ሁለቱንም ይዞ ነበር፤ ትግሉንም ጓዳውንም። ጸሐፊዎቹ መረጡ። ምርጫን በዘመን ማመካኘት ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላውን የመረጡትን ሰዎች ከታሪክ መሰረዝ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። የዚህ ድራማ የመጀመሪያው የተመልካቾች መጽሔት በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ወጣ። አዘጋጆቹ ሁለት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ያሳተሙትም ልክ እንደኛ በስቴንስል አባዝተው ነው። ካፒቴኑ ያልሰጣቸውን ቦታ በቀለም በቆሸሸ እጃቸው ወሰዱት። ኒኮልስም ከ1977 ጀምሮ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ሲመለምል ቀስቃሽ ሆና ሠራች። በ1978 ከተመረጡት መካከል የነበረችው ሳሊ ራይድ በ1983 ጠፈር ወጣች፤ ኡሁራን እያየች ያደገችው ሜይ ጀሚሰን ደግሞ በ1992 ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በድራማው ቤተሰብ ውስጥ ሴት ካፒቴን ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው በ1995 ነው። እውነተኛው ዓለም ተረቱን ቀደመው ማለት ነው።

በሌላው ላይ ሂስ ማብዛት ቀላል ነው፤ ግለ ሂሱ ላይ ነው ችግሩ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የራሳችንን የቆዩ እትሞች አገላበጥን። ስለ መጪው ዘመን የጻፍናቸው ልብወለዶች ውስጥ ሴቲቱ ወይ እናት ናት፣ ወይ ፍቅረኛ ናት፣ ወይ ቡና አፍልታ የምትጠብቅ ናት። አንዷም ምንም አትመራም። በስብሰባችን ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ስቴንስሉን የሚመታው ማን እንደሆነ፣ የሻዩን ብርጭቆ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን። ማንም አላዘዘም። እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ሮደንቤሪም ቢጠየቅ ይኸንኑ ሳይል አይቀርም ነበር።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ቃለ ጉባኤው በተራ እንዲያዝ፣ ስቴንስሉም በተራ እንዲመታ ሐሳብ አቅርበናል። ለሚቀጥለው እትም ስለ መጪው ዘመን የምትጽፉ ደግሞ፣ ድርሰታችሁን ከማምጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ መልሳችሁ አንብቡት፤ ቡናውን ማን እንዳቀረበ እዩ።