ከአንድ ቤት የጀመረ ልግስና

ዶክተር ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕፃናትን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ካሳተሙ በኋላ ኦቲዝም በሕክምናው ዓለም ስም አገኘ፤ አገልግሎት ግን አላገኘም። የልጁ ከሰው መነጠል ከእናቱ ፍቅር ማጣት የመጣ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት በባለሙያዎች ዘንድ ሰፍኖ ቆየ። ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረጀ ወላጅ ደግሞ ከሐኪም ብዙ አይጠብቅም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ማኅበር የመሠረቱት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም በለንደን ትምህርት ቤት የከፈቱት ወላጆቹ ራሳቸው ነበሩ።

በዚሁ መንገድ ኋላ ከተጓዙት መካከል የወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊን ያህል ሀብታቸውን ያፈሰሱ ጥቂቶች ናቸው። በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1933 ተወለዱ። በ5 ዓመታቸው፣ ከናዚ አገዛዝ ከሸሹ ሕፃናት ጋር፣ ያለ ወላጅ እንግሊዝ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1962 በመኖሪያ ቤታቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ድርጅት አቋቋሙ፤ የሴት ደብዳቤ መልስ በማያገኝበት በዚያ ዘመን «ስቲቭ» እያሉ በወንድ ስም ይፈርሙ ነበር። በማግስቱ ዓመት አንድ ልጃቸው ጃይልስ ተወለደ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የለመዳቸው ቃላት ጠፉበት፤ በጉርምስናው የሚጥል በሽታ ተጨመረበት። ቤተሰቡ አቅም ሲያጣ ልጁ ለዓመታት በሆስፒታል እንዲኖር ተደረገ።

የእናቲቱ ልግስና ከምርምር አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ኪንግዉድ፣ ጃይልስንና መሰሎቹን ጎልማሶች ከሆስፒታል አጥር ውጭ፣ በተራ ቤት እንዲኖሩ የሚረዳ ድርጅት ነው። ሐኪም ቢጠየቅ ምናልባት ከዘረ መል ጥናት ይጀምር ነበር፤ እናት ግን ልጇ ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ታስባለች። ጃይልስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሚጥል በሽታው ከተነሣበት በኋላ በ35 ዓመቱ ዐረፈ። በቀጣዩ ዓመት በበርክሻየር ፕራየርስ ኮርት የተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለምርምር ገንዘብ የሚያቀርበውና ዛሬ ኦቲስቲካ የሚባለው ድርጅት የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ቅደም ተከተሉ ትክክል እንደነበረ በኋላ የመጣ አኃዝ ያመለክታል። ማርቲን ናፕና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ኦቲዝም በብሪታንያ በዓመት የሚያስከትለውን ወጪ ለሕፃናት 2.7 ቢሊዮን፣ ለጎልማሶች 25 ቢሊዮን ፓውንድ ገምተዋል። መዋጮ የሚሰበሰበው ግን ዘወትር በሕፃናት ፎቶግራፍ ነው!

ወይዘሮ ሸርሊ ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰጥተዋል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የመሠረቷቸውን ድርጅቶች በእጃቸው ይዘው አለመቅረታቸው ነው፤ እያንዳንዱን ለራሱ ቦርድ አስረክበው ወጡ። ፋውንዴሽናቸው ገንዘቡን አከፋፍሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲዘጋ ሦስቱም ያለ እርሳቸው ቆመው ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።