ከፕሮግራሙ የከበደው መግለጫ

ፕሮግራም ጽፎ መግለጫውን ለኋላ ማቆየት በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ኮዱ ከሠራ ዋናው ሥራ አልቋል፣ የቀረው የወረቀት ጣጣ ነው ይባላል። የሙያው ታሪክ የሚመሰክረው ግን ተቃራኒውን ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አንዱ የጻፈውን ስሌት ሌላው እንደገና እንዳይጽፍ ዝግጁ ንዑስ ፕሮግራሞች በወረቀት ጥብጣብ ላይ እየተበሱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ ጀመር። በ1951 ቁጥራቸው 87 ደርሶ ነበር። ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ ንዑስ ፕሮግራሞቹን ሲዘረዝሩ፣ ምን እንደሚያሰሉ ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚይዙና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጁም ጽፈዋል። ማኅደሩ መጀመሪያ ላይ 512 ቦታ ብቻ ስለነበረው ይህን ሳያውቁ ንዑስ ፕሮግራሙን መጠቀም አይቻልም ነበር። ዊለር በ1952 ፒትስበርግ ላይ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ ንዑስ ፕሮግራሙ ተጽፎና ተፈትኖ ካበቃ በኋላ ውስጡን የማያውቅ ሰው በቀላሉ እንዲጠቀምበት መግለጫ የመጻፍ ሥራ ገና እንደሚቀር፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው እንደሆነ ተናግሯል። ሙያው ገና በተወለደ በጥቂት ዓመት፣ ያውም ኮድ በመጻፍ በተካነ ሰው የተነገረ ነውና ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጻፉት የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና መመሪያ ወጣ። የመጀመሪያው እትም የያዘው ቀን ኖቬምበር 3፣ 1971 ነው። የእያንዳንዱ ትእዛዝ ገጽ ስሙን፣ አጻጻፉን፣ ሥራውንና ተዛማጅ ትእዛዞችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጉድለት ክፍሉ ነው፤ ጸሐፊው ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚስት በራሱ እጅ ያሰፍራል። የሥራ ባልደረባቸው ዳግ ማክኢልሮይ ኋላ እንደተረከው፣ አሳፋሪውን እውነት ወረቀት ላይ ሲያዩት ብዙዎች ፕሮግራሙን ራሱን ወደ ማስተካከል ይሄዱ ነበር። መግለጫው ሥራውን መልሶ ያርም ነበር ማለት ነው። በዚያው ገጽ ላይ የባለቤቱም ስም ተጽፏል፤ ያልገባው ሰው ሄዶ ይጠይቀዋል።

ዛሬ የተለወጠው አንባቢው ነው፤ መግለጫውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴልም ያነበዋል። ኦፕንኤአይ በ2023 ሞዴሎቹ ውጫዊ ፕሮግራሞችን እንዲጠሩ የሚያስችል አሠራር አቀረበ፤ አንትሮፒክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ። በሁለቱም ኤጀንቱ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹን እየጠራ ሥራ የሚሠራው ሞዴል፣ የሚጠራውን ፕሮግራም ወይም «መሣሪያ» ኮድ በአብዛኛው አያይም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈውን መግለጫና የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዝርዝር ነው። ባለቤቱን ሄዶ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ የጎደለውን በግምት ይሞላል። መግለጫው «ለደንበኛ ቀጠሮ ይይዛል» ብቻ የሚል፣ ቀንና ሰዓት የሚቀበል መሣሪያ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለች ደንበኛ «መስከረም 5 ቀን 2018፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ብላ ትጠይቃለች። ኤጀንቱ ቀኑን 5/1/2018፣ ሰዓቱን 3፡00 ብሎ ካስገባ፣ መሣሪያው ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 ቀን 2018 አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰዓቱም ገና ሳይነጋ ሌሊት ላይ ይወድቃል። እሷ ያለችው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025፣ ጠዋት 9፡00 ነበር። መግለጫው ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በዓመት፣ በወርና በቀን ተራ እንደሚገባ፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጠር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ቀን ተለውጦ መግባት እንዳለበት፣ መሣሪያው ቀጠሮ እንደማይሰርዝና ለዚያ ሌላ መሣሪያ እንዳለ ቢናገር ኖሮ ለግምት ቦታ አይቀርም ነበር።

ሞዴሎቹ እየበሰሉ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል የሚሉ አሉ። ብስለት ግን ያልተጻፈን ውሳኔ አይወልድም። መሣሪያው የትኛውን አቆጣጠር እንደሚቀበል የወሰነው ሠሪው ነው፤ እሱ ካልተናገረ የቱንም ያህል አስተዋይ አንባቢ ከመገመት አያልፍም። የመረጃው ዓይነት በዝርዝሩ ከተቀመጠ ይበቃል የሚለውም ክርክር ከላይ ባየነው ምሳሌ ይወድቃል፤ 5/1/2018 የቀን ቅርጽ ስላለው የዓይነት ፍተሻውን ሊያልፍ ይችላል። ክብደት ያለው ተቃውሞ የርዝመቱ ነው። የመሣሪያዎቹ መግለጫ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያነብ ከሚችለው ጽሑፍ ላይ ቦታ ይሻማል፣ ወጪም ያስከትላል፤ ሃምሳ መሣሪያ ረጅም ረጅም መግለጫ ይዞ ከቀረበ ምርጫው ራሱ ይምታታል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የካምብሪጆቹም ያን ያህል በጠበበ ማሽን ላይ ሆነው ከመግለጫ አልሸሹም፤ ተጠቃሚው ሊገምተው የማይችለውን መርጠው ጻፉ። መቆረጥ ያለበት መሣሪያው «ፈጣንና ዘመናዊ» ነው የሚለው ውዳሴ ነው። ገደቡንና ጉድለቱን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ግን የመጨረሻው ተቆራጭ መሆን አለበት፤ በሥራ ላይ የማየው የተለመደ አሠራር ይህን ገልብጦታል የሚል እምነት አለኝ።

ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለትራንስፖርት ድርጅት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ የቀኑንና የሰዓቱን ጉዳይ ከእናንተ በቀር ሌላ አይጽፍላችሁም። መግለጫውን ኮዱን በምትፈትኑበት ጥንቃቄ ፈትኑት፤ ኮዱን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባ ብቻውን ስጡት፣ ከሳተም መግለጫውን አርሙ።