ዶሮና ሣር

ዶሮ በአገራችን የቆየች እንግዳ ናት። ዘሯ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የዱር ዶሮ ሲሆን፤ በትግራይ መዝበር ከሚባለው ስፍራ በቁፋሮ የወጣው አጥንቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን መሆኑ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ በየጓሮው ሣርና ትል እየለቀመች ኖራለች።

ቀድሞ ፀሐይ ያጣች ጫጩት እግሯ ይጎብጥ ስለ ነበረ፤ ዶሮን ዘግቶ ማርባት ያስቸግር ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ የቫይታሚን ዲ ነገር በታወቀ ጊዜ ግን፤ የዓሣ ጉበት ዘይት በመኖዋ እየተጨመረ በውጭ አገር እልፍ ዶሮዎች በአዳራሽ ተዘጉ። ቀጥሎም ጠባቡ የሽቦ ቀፎ መጣ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 ባወጣው ሕግ ባዶውን ቀፎ ከ2012 ጀምሮ ከለከለ።

ይሁን እንጂ ሣሩም ያለ ጥበቃ አይበጅም። ኩስ በአንድ ቦታ ሲከማች፤ የኮክሲዲያ ተውሳክ በእርጥቡ መሬት በርትቶ ጫጩቶችን ይፈጃል። ስለዚህ መስኩን ከፋፍሎ ማፈራረቅ፤ ጫጩቶችን በደረቅ ስፍራ ማቆየት፤ ከጭልፊት መሸሸጊያ ማበጀት፤ ሲመሽም ከሸለምጥማጥ አድኖ ወደ ቆጥ ማስገባት ይገባል። የእንቁላል ገንዘብ በድኻ ቤት የጨውና የደብተር መግዣ ነውና፤ የአንዲት ዶሮ ሞት ቀላል ጉዳት አይደለም። እንግዲህ ሣሯን አንንፈጋት፤ ጥበቃዋንም አናጓድልባት።